የኔዋ ቅዳሜ ትቆረጣለች

«የኔዋማ ቅዳሜ ትቆረጣለች» አለች ልጄ በስልክ።

እኔ ከወጥ ቤቱ ቆርቆሮ በስተጀርባ ቁጭ ብዬ ባሚያ እከትፋለሁ። እሷ ከወዲያ በኩል ማንጎው ጥላ ሥር ናት። መሃላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም የተበሳሳ። እኛ ሰፈር፣ ኒውላንድ ውስጥ፣ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ሙቀቱ በርና መስኮት አያዘጋም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርሽ» የምንባባለው እያንዳንዳችን ከቤታችን ሳንወጣ ነው። ግን እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለመስማት ብዬ አልሰማሁም። መጀመሪያ ላይማ ስለ ማን እንደምታወራ ልብም አላልኩ።

«አርጅታለች እኮ» አለች። «ፍሬ ካቆመች ቆየች። ውስጧም ባዶ ሆኗል።»

አንዷ የኮሌጅ ጓደኛዋ ናት የምታዋራት፤ ባዮሎጂ አብረው ይማራሉ። የሰው አሮጊት ሲያሙ ነው ብዬ ባሚያዬን ቀጠልኩ።

«ቲሹዋ? ውሃ የሚያመላልሰው ሁሉ ሞቷል።»

ቢላዬ ቆመ።

ቲሹ። ይህን ቃል በሕይወቴ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በቅርቡ፣ ሆስፒታል። ከአንገቴ ዝቅ ብሎ ትከሻዬ ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። አያምም፤ ስነካው ሸርተት ይላል። ሐኪሙ በመርፌ ወግቶ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር መዘዘና «ቲሹ ወስደናል፣ ጅማ ተልኮ ይታያል፣ ውጤቱ ሲመጣ እንደውላለን» አለኝ። የሰጠነው ስልክ የልጄን ነው። የኔ ስልክ የሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ከገባ ወዲህ ሲፈልግ ነው የሚጠራው። እንግዲህ ውጤቱ የሚመጣው በልጄ ጆሮ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እኔም በሆዴ እጮኻለሁ።

ልጄ ስለኔ ነው የምታወራው።

«ጓንት አምጪ» ስትል ሰማሁ። «ትንሽ ስትጫሪያት ነጭ ነገር ዝርግፍ ነው የሚልባት፣ ያሳክካል።»

እውነት ነው፤ ነጭ ነው የወጣኝ።

«ምን ጠንካራ ነገር አላት ብለሽ ነው? ውሃ ብቻ እኮ ናት። ቀጥ አድርጎ የያዛት ቆዳዋ ነው።»

ክንዴን አየሁት። እውነትም ወፈር ብያለሁ። ግን በቆዳዬ ብቻ የቆምኩ መሆኔን ማን ያውቃል? ሐኪሙ ለኔ አልነገረኝም፣ ለሷ ነግሯት ይሆናል።

«አናቷ ላይ ያለው ብቻ ነው ገና ሕፃን የሆነው።»

ይሄኛው ደግሞ አስከፋኝ። መማር ባልማር፣ ከአራተኛ ክፍል ተነስቼ ባል ባገባ፣ አናቴ የሕፃን ነው ይባላል? ይቺን ልጅ በማን ጭንቅላት ነው ኮሌጅ ያደረስኳት?

«ፍሬዋ? ተይኝ ባክሽ፣ ድሮም አይጣፍጥም ነበር።»

ፍሬዬ አንቺ አይደለሽም እንዴ! ልል ስል አፌን በባሚያ እጄ ያዝኩት። ባሚያው አዝለግልጎ አፌን ባይዘጋው ኖሮ ያን ቀን ጉዱ ያልቅ ነበር፣ እኔም እንደዚያ አልሰቃይም ነበር። የመጨረሻው ግን ከሁሉ የባሰ ነው።

«እንካፈላታለን። ከወገቧ በላይ ያንቺ፣ ከወገቧ በታች የኔ። ጭንቅላቷን ለመምህሩ።»

ስለ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ሰምቻለሁ። ተማሪዎች የሞተ ሰው ቆርጠው ይማራሉ ይባላል። ስለዚህ ነገሩ በአናቴ ውስጥ እንዲህ ገጠመ፦ ውጤቴ መጥቷል፤ መጥፎ ነው፤ ሐኪሙ ቀኑን ሳይቀር ነግሯታል፤ ልጄም አስከሬኔን ለኮሌጁ ሰጥታለች። አሁን ስጽፈው ያስቃል። ያኔ ግን አልሳቅሁም። ባሚያውን ሳልጨርስ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ እሷ ስትገባ እንባዬን «ሽንኩርት ነው» አልኳት።

«ባሚያ ነው እኮ የምትከትፊው» አለች።

«ዘንድሮ ባሚያውም ያስለቅሳል።»

ልጠይቃት አልቻልኩም። ሰው ይህን ሲያነብ «ምነው አፍሽን ከፍተሽ አትጠይቂም?» ይለኛል። ልክ ነው። ግን ጠይቄ «አዎ» ብትለኝስ? ካልጠየቅኋት ገና አላረጋገጥኩም፣ ካላረጋገጥኩ ደግሞ ገና አልሞትኩም። ደግሞም እናት ነኝ፤ ልጄ ከኔ ልትደብቀው የፈለገችው እንዳልፈራ ብላ ነው። እሺ፣ አልፈራም አልኩ። እየፈራሁ ራት አቀረብኩ።

ራት ላይ ሦስት ሰው የሚበላውን በላሁ።

«እማዬ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ባዶ እንዳልሆን ነው።»

«ገና ይቀርሻል እንዴ?»

ትስቃለች! ብዬ በሆዴ ታዘብኩ። የዛሬ ልጆች አንጀት የላቸውም።

በማግስቱ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ጎረቤቴ የአኙዋ ሰው ናት፤ ዓሣ ትሸጣለች፤ ዘመዶቿ ግማሾቹ ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን ናቸው። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ባሌ ከከተማ ውጭ፣ አቦቦ በኩል ሥራ ላይ ስለሆነ ቤት ውስጥ አንተ የምባለው እኔ ነኝ።

«አንተ ለምን ዓይንህ አበጠ?» አለችኝ ዓሣዋን እየገፈፈች።

«ልሞት ነው፣ እህቴ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜማ ገበያ ነው።» ቢላዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረህ?»

«ልጄ ስታወራ ሰማኋት። ቲሹዬ ሞቷል።»

ጎረቤቴ ፊቷ ፈታ አለ። «ለዚህ ነው? ቲሹ ሱቅ ሞልቷል! የኛ ዘመዶች ማዶ ያሉት ቲሹ የሚሉት አፍንጫ የሚጠርጉበትን ነው። ሶፍት! ና፣ አንድ ጥቅል እገዛልሃለሁ።»

«ሶፍት አይደለም። የሥጋ ቲሹ ነው።»

«ሥጋ ሶፍት?»

ማስረዳት አቃተኝ፤ ምክንያቱም እኔም አላውቀውም። ትከሻዬን ገልጬ አሳየኋት። በዓሣ እጇ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። የዓሣ ሽታው ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም።

«አያምም?»

«አያምም።»

«የማያምም ነገር ሰው አይገድልም። የኔ ባል ግን ሁልጊዜ ያመዋል፣ እሱም አልሞተም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅህን ጠይቀው» አለች።

«አልችልም።»

ሚዛኗን ጠረገች፤ ዝንብ እሽ አለች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ ዓሣ አልሸጥም። ቤትህ እመጣለሁ። ማንም አይቆርጥህም።»

ከገበያ ቀን ቀርታ የምትመጣ ሰው እንዳለችኝ ሳውቅ ትንሽ በረታሁ።

ዓርብ ዕለት ልጄን ሳምቡሳ ማጠፍ አስተማርኳት። መሃል ከተማ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ የምሸጠው እሱን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንድትነካው ፈቅጄላት አላውቅም፤ አንቺ ተማሪ እላት ነበር። አሁን ግን እንጀራዋ እንዳይቋረጥ አሰብኩ።

«ጠርዙን በዱቄት ሊጥ ነው የምትለጥፊው። ምስሩን ሳይበርድ እንዳታስገቢው፣ ሊጡን ያላላዋል። የበርበሬዋ ጣሳ ከአልጋው ሥር ናት። አባትሽ ሲመጣ ወጡ ላይ ጨው እንዳይጨምር ንገሪው፣ ቀምሶ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚነሰንሰው።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሩቅ።»

«ደሴ? አክስቴ ጋ?»

«ከደሴም ይርቃል።»

«አዲስ አበባ?»

«ወደ ላይ ነው።»

«መቀሌ?» አለች። ጂኦግራፊዋ ጥሩ ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም።

ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አልዋሽም፤ ደክሞኝ ስለነበር ተኛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ገላዬን ታጠብኩ፣ አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን በደንብ ተሠራሁ። ቢቆርጡኝም ንጹሕ ሆኜ ይቁረጡኝ፤ ጭንቅላቴ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ያፈረ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ሁለት ልጃገረዶች መጡ። አንዷ ያቺ የስልኳ ናት። የያዙትን ያየሁት በሩን ስከፍት ነው፦ ጓንት፣ ምላጭ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ባዶ የማር ጠርሙሶች፣ እና ገጀራ።

«ማዘር፣ ደህና አደሩ! ዝግጁ ናት?»

«ማን?» አልኩ በሩን እንደያዝኩ።

«የምንቆርጣት ናታ!»

የዚያን ጊዜ የገባኝ ሆስፒታልም እንደማይወስዱኝ ነው። አልጋ ጠፍቶ ይሆናል፤ እዚሁ ሊሆን ነው፤ በገጀራ። በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁና መወርወሪያውን አስገባሁ።

«አልተስማማሁም!» አልኩ ከውስጥ። «ገና አልሞትኩም! ስሞት ኑ!»

ልጆቹ በሩን አንኳኩ። ከዚያ ሰው እየሮጠ ሲመጣ ሰማሁ። ጎረቤቴ ናት። በቀዳዳው ሳይ የዓሣ ቢላዋዋን ይዛ በሬ ላይ ቆማለች፤ ልጆቹ ማሰሮ እንደሰበሩ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሽተዋል።

«ማንም አይቆርጥም!» አለች። «እሱ ጤነኛ ነው! ትናንት ዓሣ በላ፣ ሁለት ሳህን!»

«እሱ ማን?» አለች የስልኳ ልጅ።

ልጄ ከጓሮ በኩል እየሮጠች መጣች። «ምንድን ነው? እማዬ! ክፈቺ! ለምን ትከለክያቸዋለሽ?»

«ከለከልኩ!» አልኩ። «ነፍሴ ናት!»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንደዚህ የወደድሻት? ራስሽ አይደለሽም እንዴ በክረምቱ ‹ወጥ ቤቱ ላይ ትወድቃለች፣ ቁረጧት› ያልሽው?»

«እኔ? ወጥ ቤቱ ላይ እወድቃለሁ አልኩ?»

«አንቺ ሳትሆኚ እሷ!»

«እሷ ማን?»

«ፓፓያዋ!»

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ፓፓያ፣ ያቺ ዘንበል ያለች፣ አናቷ ላይ ጥቂት ቅጠል የቀራት፣ ሁሉን ሰምታ ዝም ብላ ቆማለች። ሴት ፓፓያ ናት፤ ስለዚህ ሁሉም «እሷ» ይሏታል። እኔም እላታለሁ። ወንዱ ፓፓያ ስለማያፈራ ማንም አይተክለውም።

«አርጅታለች ያልሽው?» አልኩ።

«ፓፓያዋን።»

«ውስጧ ባዶ ነው?»

«የፓፓያ ግንድ ባዶ ነው፣ እማዬ።»

«ፍሬዋ አይጣፍጥም?»

«አንቺስ ራስሽ ለፍየል አይደል የምትሰጪው?»

ልጄ አንድ በአንድ እየገባት ሄደ። መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። አንዷማ የማር ጠርሙሷን ጣለችው። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ እንደ ሙሽራ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም። ቢላዋዋን ወደ እኛ እያወዛወዘች፣ «የናንተ ቋንቋ ነው ጥፋተኛው» አለች። «እኛ ጋ እሱም እሷም አንድ ቃል ነው። በናንተ ዛፍም እሷ፣ እናትም እሷ፣ ባጃጅም እሷ። ማን እንደሚቆረጥ በምን ይታወቃል?»

«በናንተማ ቢሆን ባሌም አብሮኝ በተቆረጠ ነበር!» አልኳት። ያኔ እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ፓፓያዋን ለባዮሎጂ ትምህርታቸው ቆረጧት። ገጀራው ዛፍ እንደሚቆርጥ አይደለም የገባው፣ ዱባ እንደሚቆርጥ ነው። ነጩ ወተት ዝርግፍ አለ፤ ጓንቱ ለዚህ ኖሯል። ልጄ በምላጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጋ ቆርጣ፣ አጉሊ መነጽር ሰጥታኝ ወደ ፀሐይ እንድይዘው አደረገችኝ። ትንንሽ ክፍሎች አየሁ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ የንብ ቀፎ የመሰሉ።

«ቲሹ ማለት ይኼ ነው» አለችኝ። «አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሴሎች ሲሰባሰቡ ነው። ይኼኛው ውሃ ከሥር ወደ ላይ ያወጣል። ይኼኛው ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ያመላልሳል። ይኼኛው ደግሞ ውጩን ይሸፍናል፣ እንደ ቆዳ። አናቷ ላይ ያለው ገና ሕፃን ነው፣ ሁልጊዜ አዲስ ይወልዳል፤ ዛፍ የሚረዝመው በሱ ነው።»

«እድር በይኛ!» አልኳት። «አንዱ ውሃ ቀጂ፣ አንዱ ወጥ አመላላሽ፣ አንዱ ድንኳን ተካይ።»

አሰብ አድርጋ፣ «አዎ፣ እንደ እድር ነው» አለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ «ይኼን ለፈተና እጽፈዋለሁ» አለች። ጻፈችው አልጻፈችው አላውቅም።

«ሞቷል ያልሽውስ?»

«ውሃ አመላላሾቹ ሥራ የሚጀምሩት ሲሞቱ ነው። ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ቧንቧ ይሆናሉ።»

«ሞቶ ውሃ የሚያመላልስ!» አለች ጎረቤቴ። «የኛ ሰፈር ቧንቧ ሞተ፣ ውሃው አልመጣም። እሱን ለምን አትማሩትም?»

እንዲህ ስንሳሳቅ፣ እጃቸው በነጭ ወተት እንደተነከረ፣ የልጄ ስልክ ጮኸ። ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ አንስታ አወራች። «አዎ። አዎ፣ ልጇ ነኝ። እሺ። ሰኞ ጠዋት። እሺ።» ስትዘጋው ፊቷን አየሁ።

«ሆስፒታል ነው» አለች። «ውጤትሽ መጥቷል።»

«ምን አሉ?»

«በስልክ አንናገርም፣ ይምጡ ነው ያሉት።»

ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ። የፓፓያ ወሬ ሰምቼ ስለ ራሴ በከንቱ የፈራሁ መስሎኝ ነበር፤ ያኔ ግን የገባኝ፣ የፓፓያዋ ነገር ቢፈታም የኔው አሁንም እንዳለ መሆኑ ነው። ልጄ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ትከሻዬን በዚያኛው፣ እብጠቱ በሌለበት በኩል ያዘችኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሰምቼ ብደብቅሽ ኖሮ እንዴት እችለው ነበር? ከአሁን በኋላ አብረን ነው የምንሰማው።»

«እሺ» አልኩ።

ሰኞ በጠዋት በባጃጅ ሄድን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ልጄ እጄን ታጠብቃለች፤ ደርሰን ስንወርድ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ጎረቤቴ አልመጣችም፣ ግን ከቤት ስወጣ አንድ ጥቅል ሶፍት በእጄ አስጨብጣኛለች፤ «ቲሹ ቢጠይቁህ ይኼን ስጥ» ብላ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ወረፋ ጠበቅን። ፊት ለፊቴ ያለች ነፍሰ ጡር ሴት ታፏጫለች። እንዴት ያፏጫል ሰው እዚህ ቦታ ብዬ ተናደድኩባት፤ ከዚያ ቀናሁባት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የደጋ ልጅ፤ ከኔ ይበልጥ ያልበዋል። ወረቀቱን አየና፣ «እንግዲህ እናቴ፣ የተወሰደው ቲሹ...» ሲል እጄን አነሳሁ።

«ልጄ፣ እባክህ ቲሹ አትበለኝ። ሰሞኑን ብዙ አሳይቶኛል። በአማርኛ ንገረኝ።»

ልጄን አየ፤ ልጄ መሬት መሬት አየች።

«ቅባት ነው» አለ። «ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ቅባት። ከረጢት ሠርቶ ተጠራቅሟል። ካንሰር አይደለም። ካስቸገረዎት ቀላል ነው፣ እናወጣልዎታለን። ካላስቸገረዎት ይኑር።»

«ድገመው።»

«ካንሰር አይደለም።»

«እንደገና።»

«እናቴ፣ ካንሰር አይደለም፤ ቅባት ነው።»

ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ይቺ ቅዳሜ ዕለት መሬት ላይ ቁጭ ብላ የሳቀችው! ለካ እሷም ስልኳ በጮኸ ቁጥር በሆዷ ትጮኽ ኖሯል፤ እኔ እንዳልፈራ ብላ ነው በሳቅ የሸፈነችው። ጥቅሉን ፈትቼ ግማሹን ለሷ ሰጠኋት፣ ግማሹን ለራሴ አስቀረሁ፤ እዚያው ሐኪሙ ፊት አፍንጫችንን ተናፈጥን። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ውጭ ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን። ለልጄ እንዲህ አልኳት፤ እዚህም እጽፈዋለሁ፦ ደህና ነኝ። ካንሰር የለብኝም። ተርፌያለሁ።